ዓይነ ስውሩ ንብ አዋቂና የወጣት አውራ ቀፎ

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ማባራት ሲጀምር በአሶሳ፣ በባምባሲ፣ በመንጌና በሆሞሻ ወረዳዎች መስኩ በመጭና በኑግ አበባ ቢጫ ይለብሳል። ከቆላ ቀርከሃ ተሠርተው በየዛፉ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎችም በንብ ይጨናነቃሉ። ንቡ ከቀፎው አቅም በላይ ሲሆን መንጋው ለሁለት ይከፈልና አሮጌዋ አውራ ብዙውን ንብ አስከትላ አዲስ ማደሪያ ፍለጋ ትወጣለች። ይህን መንጋ በጊዜው ያልያዘ ንብ አርቢ ንቡን ለጫካ አስረክቦ ይቀራል።

ስለዚህም መንጋው በራሱ ፈቃድ እስኪወጣ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ባለቤቱ ጠንካራውን ኅብረ ንብ ራሱ ከፍሎ ቁጥሩን እንዲያበዛ ይመከራል። ይሁን እንጂ ሥራው ሲጀመር ወዲያው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም የተከፈለው ንብ፣ በተለይም ከወንዱ ከድንጉላ ንብ ጋር ገና ያልተገናኘች ወጣት አውራ ያለችበት ንብ፣ የሚገባበት ቀፎ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው። ቀፎው ከንቡ ቁጥር ጋር ካልተመጣጠነ የተከፈለው ንብ ይጠፋል፤ ንብ የተቀነሰበት የእናትየው ቀፎም የዓመቱን ማር ሳይሰጥ ይቀራል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ መሠረት የሆነውን እውቀት በጥንቃቄ መርምረው ለዓለም ካበረከቱት ሰዎች ዋነኛው ከ200 ዓመት በፊት በስዊዘርላንድ አገር የኖረው ፍራንሷ ሁበር ነው። የሚያስደንቀውም ነገር ይህ ሰው ንብ ባጠናበት ዘመን ሁሉ ዓይኑ የማያይ መሆኑ ነው።

ከከተማ ወደ እርሻ

ፍራንሷ ሁበር እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1750 በጄኔቭ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ባለጸጋና የታወቀ ነበር። አባቱ ዣን ሁበር በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን ደራሲ ቮልቴርን ደጋግሞ በመሣል የታወቀ ሠዓሊ ሲሆን፣ የአዳኝ ወፎችንም አበራረር ያጠና ነበር። ልጁ ተፈጥሮን ተከታትሎ የመመርመር ፍቅርን ከአባቱ ወረሰ።

ፍራንሷ በልጅነቱ ትምህርት ወዳድ ስለነበረ ሌሊት በደካማ ብርሃን ሲያነብ ያመሽ ነበር። ዕድሜው 15 ዓመት ሲሆን ጤናው ተቃወሰ፤ የዓይኑም ብርሃን መድከም ጀመረ። ወላጆቹ ለሕክምና ወደ ፓሪስ ላኩት። ትሮንሸን የተባለው ታዋቂ ሐኪም ሁኔታውን ከተመለከተ በኋላ በከተማው አቅራቢያ በሚገኝ ስታን በሚባል መንደር ተቀምጦ እንደማንኛውም ገበሬ እየሠራ እንዲኖር አዘዘው። ወጣቱም ማረሻ ጨብጦ ከገበሬዎች ጋር ሲሠራ ሰውነቱ በረታ፤ ለገጠር ኑሮና ለገጠር ሰው ያደረበት ፍቅርም እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተለየውም። የዓይኑ ብርሃን ግን አልተመለሰለትም። የዓይን ሐኪሞች ሕመሙ መድኃኒት የሌለው መሆኑን አረጋገጡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሙሉ በሙሉ ታወረ።

ዓይን የሆኑለት ሰዎች

ከመታወሩ በፊት ማሪ ኤሜ ሉለን የምትባል የጄኔቭ ባለሥልጣን ልጅ አጭቶ ነበር። የልጅቷ አባት ለዓይነ ስውር ልጄን አልድርም ብለው ተቃወሙ። እርሷ ግን ሐሳቧን ሳትለውጥ፣ ሕጉ ለራሷ እንድትወስን የሚፈቅድላት 25 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጠብቃ አገባችው። በትዳር በኖሩባቸው 40 ያህል ዓመታት ታነብለት፣ ትጽፍለት፣ ያየችውንም ሁሉ ትነግረው ነበር።

ሁለተኛው ዓይኑ ፍራንሷ ቡርነንስ የሚባል ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ አገልጋዩ ነው። ቡርነንስ የተቀጠረው መጻሕፍት እያነበበ እንዲያሰማው ነበር። ከተነበቡት መካከል ሬኦሚዩር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ስለ ንብ የጻፈው ይገኝበታል። ሁበር ግን አንባቢው የተጻፈውን እያነበበ ብቻ እንዳልሆነ፣ ነገሩን እየመዘነና እየጠየቀ እንደሆነ ተገነዘበ። በመሆኑም የሰውየውን ዓይን ለመፈተን አንድ ዘዴ ፈጠረ። ሬኦሚዩር ያደረጋቸውን ሙከራዎች እንደገና እንዲያደርጋቸውና የተመለከተውን እንዲነግረው አዘዘው። ቡርነንስ የሚናገረው ሊቁ ከጻፈው ጋር እየተስማማ ሲሄድ ሁበር እምነቱን ጣለበትና ማንም ወዳልመረመረው ጥያቄ ተሻገሩ።

የቡርነንስን ትጋት ለመገመት አንድ ሥራውን ማንሣት ይበቃል። እንቁላል የሚጥሉ ሠራተኛ ንቦች መኖር አለመኖራቸውን ለማወቅ በ2 ቀፎዎች ውስጥ ያሉትን ንቦች አንድ በአንድ በእጁ እየያዘ መመርመር ነበረበት። ይህን ሥራ ዓይኑን ከማሳረፍ በቀር ሌላ ዕረፍት ሳያደርግ በ11 ቀን ፈጸመው። ሁበር ይጠይቃል፣ ቡርነንስ ያያል፤ ቡርነንስ ይናገራል፣ ሁበር ያመዛዝናል። ጥናቱ የተካሄደው በዚህ ዓይነት የሥራ ክፍፍል ነው።

እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ቀፎ

በዚያን ዘመን የነበሩት ቀፎዎች እንደኛ አገር ባህላዊ ቀፎ እንጀራቸው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስለነበረ ሳይቆረጥ ውስጡን ማየት አይቻልም ነበር። ሁበር በመጀመሪያ አንድ እንጀራ ብቻ የሚይዝ ጠባብ የመስተዋት ቀፎ አሠራ። በዚህ ውስጥ የሚሸሸግ ንብ አይኖርም። ነገር ግን ንብ በተፈጥሮው በብዙ እንጀራዎች መካከል ተጠጋግቶ የሚሞቅ ፍጡር በመሆኑ እንዲህ ያለው ቀፎ ለማየት እንጂ ለመኖሪያ የሚስማማው አይደለም።

ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1789 በደብዳቤ የገለጸውን አዲስ ቀፎ ሠራ። ቀፎው ርዝመትና ቁመታቸው አንድ አንድ ጫማ፣ ውፍረታቸው 34 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ የእንጨት ክፈፎች የተሠራ ነበር። ክፈፎቹ በማጠፊያ ተያይዘው እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ ይገለጣሉ። እያንዳንዱ ክፈፍ አንድ እንጀራ ይይዛል። ንቡ እንደ ልማዱ ተሰብስቦ ይኖራል፤ ሰውም ሲፈልግ ገልጦ ያያል።

ይህ ቀፎ ሌላም ጥቅም ነበረው። በመካከል ላይ ተከፍሎ ሁለት ሲሆን እያንዳንዱ ግማሽ እንጀራ፣ እንቁላል፣ እጭ፣ ማርና ንብ ይዞ ይቀራል። በሌላ አነጋገር ኅብረ ንብን ሳይጎዱ በፈለጉት ጊዜ ለሁለት መክፈል ተቻለ። የቀፎ መጠን በክፈፍ ቁጥር ሊለካ፣ ሊቀነስና ሊጨመር የሚችል ነገር ሆነ።

የአውራዋ ምስጢር

በአማርኛ የንብን እናት አውራ እንላታለን። አውራ ማለት አለቃ፣ ደግሞም ወንድ ማለት ነው። በኤውሮፓም የጥንት ሰዎች ንጉሥ ይሏት ነበር። ሴት መሆኗ ከታወቀ በኋላም እንኳ ከድንጉላ ንብ ጋር የት እንደምትገናኝ ሊቃውንቱ አልተስማሙም ነበር። አንዳንዶቹ የድንጉላው ሽታ ብቻ ያስረግዛታል አሉ። ሌሎቹ ድንጉላው እንደ ዓሣ በተጣለ እንቁላል ላይ ዘሩን ይረጫል አሉ። ያለ ወንድ ትወልዳለች ያሉም ነበሩ።

ሁበርና ቡርነንስ እያንዳንዱን ሐሳብ በሙከራ ፈተኑ። ድንጉላ ንብ ሁሉ ተለቅሞ በወጣበት ቀፎ ውስጥ የተጣለው እንቁላል ስለተፈለፈለ የመርጨቱ ሐሳብ ወደቀ። ወጣት አውራዎችን ከድንጉላ ንቦች ጋር በቀፎ ውስጥ ዘግተው ቢያቆዩአቸው ሳይረገዙ ቀሩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1788 ክረምታቸው አልፎ ሙቀት በሆነበት ወራት ድንጉላ ንቦች በሚበሩበት ሰዓት የቀፎውን በር ይጠብቁ ጀመር። ወጣቷ አውራ ወጣች፤ የቀፎዋን ፊት ዞራ ካወቀች በኋላ ወደ ላይ መጠቀች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትመለስ የድንጉላው አካል ስባሪ በሰውነቷ ላይ ታየ። ከ2 ቀን ገደማ በኋላም እንቁላል መጣል ጀመረች። አውራ ንብ የምትገናኘው በአየር ላይ፣ ከቀፎዋ ውጪ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ የስሎቬኒያው ተወላጅ አንቶን ያንሻ መታወስ ይገባዋል። በኦስትሪያ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ዘመን በቪየና የንብ እርባታ መምህር የነበረው ይህ የገበሬ ልጅ ከሁበር ቀደም ብሎ ይህንኑ ተገንዝቦ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1773 በሞት በመለየቱ ሥራው በሰፊው ሳይታወቅ ቆየ። የዓለም የንብ ቀን በየዓመቱ በሜይ 20 የሚከበረው ለእርሱ መታሰቢያ ነው።

ሁበር ከዚህ አልፎ ለንብ አርቢው በጣም የሚጠቅም አንድ ነገር ደረሰበት። ወጣት አውራ ከተፈለፈለች በኋላ 3 ሳምንት ያህል ሳትገናኝ ከቆየች የምትጥለው እንቁላል ሁሉ ድንጉላ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቀፎ ሠራተኛ ስለማይተካ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ሁበር የነገሩን ምክንያት አላወቀም ነበር። የሲሌዥያው ቄስ ያን ዚየርዦን እ.ኤ.አ. በ1845 ድንጉላ ንብ የሚፈለፈለው ወንድ ካልነካው እንቁላል መሆኑን ሲገልጽ ምክንያቱ ታወቀ። ኋላ በተደረጉ ጥናቶችም አንዲት አውራ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከ10 በላይ ከሚሆኑ ድንጉላ ንቦች ጋር እንደምትገናኝና የተቀበለችውን ዘር ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትጠቀምበት ታውቋል።

ከተራ እጭ አውራ ማውጣት

ሽራህ የሚባል የጀርመን ቄስ ከሁበር በፊት አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። እንቁላልና ትንንሽ እጭ ያለበትን ቁራጭ እንጀራ ከጥቂት ንቦች ጋር በትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ቢዘጋ ንቦቹ ከሠራተኛ እጭ አውራ አሳደጉ። ብዙ ሰዎች አላመኑትም። ሁበርና ቡርነንስ ሙከራውን ደግመው እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ሠራተኛ የምትሆነውና አውራ የምትሆነው እጭ በመጀመሪያ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው የሚያድጉበት ቤት ስፋትና የሚመገቡት ምግብ ነው። ዕድሜው ከ3 ቀን ያልበለጠ እጭ እስካለ ድረስ አውራ ያጣ ንብ ለራሱ አውራ ሊያወጣ ይችላል።

ዛሬ ኅብረ ንብ ሲከፈል አውራ የሌለው ወገን የሚድነው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍያው የሚሠራው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ትኩስ እንቁላል ወይም እጭ፣ በአካባቢው የሚበር ድንጉላ ንብ፣ እንዲሁም አውራዋ ተፈልፍላ፣ ወጥታ፣ ተገናኝታ እስክትወልድ ድረስ ቀፎውን የሚያሞቅና የሚመግብ በቂ ሠራተኛ።

ሁበር ሰምንም መርምሯል። ንቦችን ማር ወይም ስኳር ብቻ እየመገበ ሰም ማውጣታቸውን ስላየ፣ ሰም ከአበባ ዱቄት ይሠራል የተባለው ስሕተት መሆኑን አሳየ። ይህም ማለት ንብ አዲስ እንጀራ በሠራ ቁጥር ከማሩ ይከፍላል ማለት ነው። ጥቂት ንብ በትልቅ ባዶ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል ዕዳ እንደሚጫንበት ከዚህ መረዳት ይቻላል። በሌላ ጥናቱም በበሩ ላይ የሚቆሙ ንቦች ክንፋቸውን እያራገቡ የቀፎውን አየር እንደሚለውጡ አስረድቷል።

የሁበር ዋናው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1792 ታተመ። ቡርነንስ ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ በመንደሩ ሰዎች ዘንድ ተከብሮ በሹመት አገልግሏል። ከእርሱ በኋላ ሚስቱና ልጁ ፒየር ዓይን ሆነውለት ሥራው ቀጠለ፤ ተሻሽሎና ሰፍቶም እ.ኤ.አ. በ1814 በ2 ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ። ልጁ ፒየር ራሱ ጉንዳንን በማጥናት ስመ ጥር ሆኗል። ፍራንሷ ሁበር በልጁ ቤት ሲጦር ቆይቶ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1831 በሎዛን ከተማ በ81 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ።

ከሁበር እስከ አሶሳ

የሁበር መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ። ካነበቡትም አንዱ ላንግስትሮዝ የተባለ ቄስ ነበር። ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 በክፈፍና በቀፎ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ከተተወ ንቡ በሰምም ሆነ በሙጫ እንደማይዘጋው ተገንዝቦ፣ ከላይ የሚከፈትና ክፈፉ እየተመዘዘ የሚወጣ ሳጥን ቀፎ ሠራ። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቀፎ የሚባሉት የላንግስትሮዝና የዛንደር ሳጥኖች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በላዩ ላይ አጣና ብቻ የሚደረደርበት የሽግግር ቀፎም እንጀራው እየተነሣ የሚታይ በመሆኑ ከሁበር መጽሐፍ ቀፎ ጋር ይዛመዳል። የአፍሪካ ንብ ከኤውሮፓው አነስ ስለሚል ለአጣናው የሚሰጠው ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ የቀፎው መጠን ጥያቄ የሚፈታው ከሁበር ግኝቶች በመነሣት ነው። ከትኩስ እንቁላል አውራ እስክትፈለፈል 16 ቀን ያህል ያስፈልጋል። ለመብረር እስክትጠነክር፣ እስክትገናኝና እስክትወልድ ሌላ 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ንብ እስክትወጣ ደግሞ 21 ቀን አለ። ከክፍያው ቀን አንሥቶ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ያህል የተከፈለው ንብ ከተሰጠው በቀር የሚተካለት ሠራተኛ የለውም። የታሸገ የአውራ ቤት ለተሰጠው ክፍያ ይህ ጊዜ በ10 ቀን ገደማ ያጥራል። ቀፎው መመረጥ ያለበት ይህን የችግር ጊዜ እንዲያሳልፍ ተብሎ ነው።

በአሠራር ሦስት ዓይነት መጠን ይታወቃል። የመጀመሪያው የመዳፍ ስፋት ያላቸውን ክፈፎች የሚይዝ ጥቃቅን ሳጥን ነው። አንድ ወይም ሁለት ኩባያ ንብ ይበቃዋል። ብዙ አውራ አርብቶ ለሌላ ለማከፋፈል ለሚፈልግ ሰው ንብ ይቆጥባል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ንብ ራሱን ችሎ አያድግም፤ መመገብ አለበት፤ ጉንዳን በቀላሉ ያሸንፈዋል፤ ፀሐይና ብርድ ቶሎ ይሰማዋል። የኛ ንብ ደግሞ ሲቸገር ቀፎውን ጥሎ መኮብለል ስለሚቀናው ይህ ሳጥን የቅርብ ጠባቂ ለሌለው ሰው አይመከርም።

ሁለተኛው ሙሉ መጠን ያላቸው 2 ወይም 3 ክፈፎች የሚገቡበት ነው። ወጣት አውራ ተገናኝታ እስክትወልድ ለማቆየት ያገለግላል። አውራዋ መውለድ እንደ ጀመረች ንቡ ወደሚሰፋው ቀፎ ይዛወራል፤ አለበለዚያ ቦታው ይጠበውና ይወጣል።

ሦስተኛው 5 ክፈፍ የሚይዘው፣ ማለትም የዘመናዊው ቀፎ ግማሽ ነው። ዋና ዓላማው ኅብረ ንብ ማብዛት ለሆነ ገበሬ የሚሻለው ይህ ነው። በውስጡ 2 ክፈፍ እንቁላልና የታሸገ እጭ ያለበት፣ 1 ወይም 2 ክፈፍ ማርና የአበባ ዱቄት ያለበት፣ ቀሪው ባዶ እንጀራ ሆኖ፣ ክፈፎቹን በደንብ የሚሸፍን ንብ ይገባበታል። የተከፈለው ንብ በዚያው ግቢ የሚቆይ ከሆነ በራሪዎቹ ወደ እናታቸው ቀፎ ስለሚመለሱ ከእጭ ክፈፎች ላይ ተጨማሪ ወጣት ንብ ሊራገፍለት ይገባል። አውራዋ ወልዳ ንቡ 5ቱን ክፈፍ ሲሞላ፣ ክፈፎቹ እንዳሉ ወደ 10 ክፈፍ ቀፎ ይሸጋገራሉ። አዲስ ሳጥን ለማሠራት አቅም የሌለው በሙሉ ቀፎ መካከል ሳንቃ አቁሞ፣ ለሁለቱ ወገን በተለያየ አቅጣጫ በር ቢያወጣ ያው ሥራ ይሠራል። ሳንቃው ንብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም። የሽግግር ቀፎ ባለቤትም ተንቀሳቃሽ ሳንቃውን እንደ ንቡ ብዛት እያስጠጋና እያራቀ ቀፎውን ሊያጠብና ሊያሰፋ ይችላል።

የቀርከሃ ቀፎ እንጀራው ስለማይነሣ በዚህ መንገድ አይከፈልም። ሆኖም የወጣ መንጋ ለመያዣነት ይጠቅማል፤ ንቡም ከዚያ ወደ ሽግግር ወይም ወደ ዘመናዊ ቀፎ ሊዛወር ይችላል። ቀርከሃው ለሽግግር ቀፎ መሥሪያም ይሆናል።

ወጣት አውራ ያለበት ማንኛውም ቀፎ ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። በሩ ጠበብ ማለት ይገባዋል፤ ጥቂት ንብ ሰፊ በር መጠበቅ አይችልምና። ቀፎዎቹ በአንድ መስመር ተመሳሳይ ሆነው ከተደረደሩ ከበረራ የምትመለሰው አውራ ተሳስታ ሌላ ቀፎ ገብታ ትገደላለች። ስለዚህ በራቸውን በተለያየ አቅጣጫ ማዞር፣ ወይም ፊታቸውን በነጭና በቀይ አፈር መቀባት ይበጃል። አውራ በብዛት የምትበረው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ በእነዚህ ሰዓቶች ቀፎውን መክፈት አይገባም።

የማኅበሩ መሪ ድርሻ

አንድ የገበሬ ማኅበር ቀፎ ሲያሠራ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው የማር ቀፎውን ቁጥር ብቻ ነው። ንብ የሚያበዛ አነስተኛ ሳጥን ካልታሰበበት ግን አዳዲሶቹ ቀፎዎች ባዶአቸውን ይቆማሉ፤ ወይም ንብ ከሌላ ሰው መግዛት ግድ ይሆናል። ስለሆነም ለማር ቀፎ ከሚሠራው እንጨት ላይ ጥቂት ባለ 5 ክፈፍ ሳጥኖች እንዲወጡ መሪዎች ቢያደርጉ ንቡ ከማኅበሩ ውስጥ ይገኛል። አናጢዎች ሁሉም በአንድ መለኪያ እንዲሠሩ መቆጣጠርም ያስፈልጋል። በአንዱ ሳጥን ያለው ክፈፍ በሌላው የማይገባ ከሆነ የዘመናዊ ቀፎ ጥቅሙ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ ከባዱ የመሪ ውሳኔ ግን መቼ እንደሚከፈልና ስንት እንደሚከፈል መወሰን ነው። ድንጉላ ንብ በቀፎ በር ሲገባና ሲወጣ ሳይታይ መክፈል አውራን ያለ ባል ማስቀረት ነው። ጠንካራውን ቀፎ ከ4 መክፈልም 4 ደካማ ቀፎ ከማትረፍ በቀር ትርፍ የለውም። በአንድ አበባ ወራት አንዱን ሁለት ያደረገ፣ ሁለቱንም ያጠነከረና በሚቀጥለው ወራት አራት ያደረገ ሰው ከቸኮለው ይቀድማል። ማርና ንብ ከአንድ ቀፎ በአንድ ወራት እኩል እንደማይገኙም ለአባላቱ ማስረዳት ይገባል። ለማር የተመረጡት ለማር፣ ለመክፈል የተመረጡት ለመክፈል ይለዩ።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህ ሥራ ከማር ገቢ ያለፈ ትርጉም አለው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውኃውን የሚያጠራቅመው በዚሁ ክልል ምድር ነው። የተራቆተ ኮረብታ አፈሩን ለጎርፍ፣ ጎርፉም ለሐይቁ ያስረክባል። ቀርከሃው፣ ዛፉና ቁጥቋጦው የንብ ቀለብ የሆነለት ገበሬ ግን እንጨቱን ለመቁረጥና ጫካውን ለማቃጠል እጁ አይፈጥንም። የኅብረ ንቡ ቁጥር በጨመረ መጠን የደኑም ጠባቂ ይጨምራል።

ሁበር ንብን በዓይኑ ሳያይ የንብን ነገር ከሌሎች አብልጦ ያወቀው ተግቶ የሚያይ ሰው መርጦ፣ ያየውን ደጋግሞ ጠይቆ፣ ቀኑን መዝግቦ በመያዙ ነው። በየማኅበሩም አንድ ትጉህ ሰው ተመርጦ፣ እያንዳንዱ ቀፎ የተከፈለበትን ቀን፣ አውራዋ የተፈለፈለችበትንና እንቁላል የታየበትን ዕለት በደብተር ይጻፍ። አውራዋ ተፈልፍላ 3 ሳምንት አልፎ እንቁላል ያልታየበት ቀፎ አውራው ከተፈተሸ በኋላ ሌላ አውራ ወይም የታሸገ የአውራ ቤት ይሰጠው፤ ይህ ካልተገኘ ከጎረቤቱ ቀፎ ጋር ይቀላቀል። ደብተሩን ከፍቶ ቀኑን የሚቆጥር መሪ ቀፎው ሳይጠፋ ይደርስበታል።